አሥራ ሦስተኛዋ

ከደብረ ማርቆስ ጫፍ፣ ከውትርን ወዲያ ማዶ፣
ቆርቆሮ ሲያንቋቋ ያድራል የጮቄ ንፋስ ወርዶ።
ዘበኛ ነኝ እዚያ፤ የምጠብቀው አሳማ፤
ለጎረቤት ግን "ዶሮ ነው" እላለሁ፣ አገር እንዳይሰማ።

ሽታ ግን አይዋሽም። ጥሩዬ ጋቢዬን
ውጭ ገመድ ላይ ነው የምትሰቅለው፣ ሳያልፍ ደጃፏን።
"እንየው፣ ያንተ ዶሮ ምን በልቶ ነው?" ትለኛለች፤
ወር ሲደርስ ግን ብሩን ቆጥራ ትቀበላለች።

ትናንት ሌሊት ወለደች፣ ያቺ ጆሮ ቆራጣ፤
አንዱ ባንዱ ላይ፣ እንደ ድንች ከጉልጓሎ ሲወጣ፣
አሥራ ሁለት ቆጠርሁ። አበቃ ብዬ ባትሪዬን ሳዞር፣
አንዲት ደግሞ ዱብ፣ እፍኝ የማትሞላ፣ ለመተንፈስ የምትቸገር።

ዝማም ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፣ ቦት ጫማዋን እያጠበች፦
"እነዚህ ሲወለዱ ደማቸው ባዶ ነው" አለች።
"በሆዷ ሳሉ እናት ጋሻ አታቀብላቸውም፤
እንገሯ ውስጥ ነው ያኖረችው፤ ያልጠባ አይከርምም።
ደጁም አይጠብቅ፤ መጀመሪያ ወለል ይልና፣
ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ይገረበባል፣ ቀስ እያለ ገና፤
ነገ በዚህ ሰዓት ብታንኳኳ፣ የለም።"

እንገር!
እኔ የማውቀው የላም ነው፣ ድስት ውስጥ የሚረጋውን፣
እኛ ጣት ስንልስ፣ ጥጃዋ ስትጮህ በረት ውስጥ ብቻዋን።
ለካ ያን ጊዜ የበላነው
የጥጃ ጋሻ ነው።

አለቃዬ "ከአሥራ ሦስት ሁለት ሦስት ቢሞት ያለ ነው" ይላል።
ለሱ ሒሳብ ነው። እኔ ግን እጄ ላይ ነበረች፤ ልቧ ጣቴን ይመታል።

ስድስቱን ወፍራሞች ከጡት አላቅቄ ቅርጫት ውስጥ ከተትሁ፤
"ጠግባችኋል፣ ተራ ልቀቁ!" ብዬ ክዳን ደፋሁ።
ጮኹብኝ፣ ልክ እንደ ማዳበሪያ ሰልፍ።

ትንሿን በጋቢዬ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አኖርሁ፤
በረዶ ነበረች። አፏን ወደ ጡት መራሁ፤
አልያዝ አላት።
ያኔ የሻይ ብርጭቆዬን ደፍቼ፣ ተንበርክኬ፣
ከፊተኛው ጡት አሳማ አለብሁ።
እኔ፣ እንየው አንማው፣ ረቡዕና ዓርብ የማልገድፍ፣
አሳማ አለብሁ።

ቢጫ ነው፣ ወፍራም፣ ለብ ያለ፣ ሁለት ጣት አይሞላ፤
በሲሪንጅ ጠብ አደረግሁላት፤ ባፏ ጥግ ፈሰሰ ወደ ኋላ።
ደግሞ ጠብ። ደግሞ ፈሰሰ።
"ዋጪ እንጂ፣ አንቺ!" አልሁ፣ የገዛ ልጄን እንደማባብል፤
ጉሮሮዋ ብድግ አለ፤ ቁልቁል ሲወርድ አየሁት፣ እንደ አንድ ፍሬ እህል።
ዘጠኝ ሰዓት ነበር።
አሥራ አንድ ላይ፣ ዶሮ ሲጮህ (የእውነት ዶሮ፣ የጎረቤት)፣
ወንድሟን በትከሻዋ ገፍታ ገብታ ነበር ከጡት።

ውትርን ወርጄ ታጠብሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሳሙና፤
ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ርቄ ተሳለምሁ፣ አፈርሁና።

ቤት ስደርስ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፤ ልጄ ወሯ ገብቷል።
እናኑ አዋላጇ ለሕፃኑ የሚቀምሰውን ቅቤ ታነጥራለች፤
"የመጀመሪያው ጡት ቆሻሻ ነው፣ መሬት ላይ ይታለባል" አለች።
ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።
ልጄ ስትወለድም መሬቱ ነበር የጠባው፤
አይቼ ዝም ብያለሁ።

"እንገሩን እንዳታፈሱ!"
ድምፄ ከኔ ቀድሞ ወጣ።
ወንድ በዚህ አይገባም፤ ቤቱ ጭጭ አለ።
"ማን ነገረህ?" አለች ጥሩዬ።
ውጭ ገመዱ ላይ ጋቢዬ፣ ቢጫ ጠብታ ደርቆበት፣ ይወዛወዛል።
"ዶሮዎቼ" አልኋት።
ቆየችና፦
"ጡት አላቸው?"